ስሙን የማያውቁትን ዛፍ ማን ይጠብቀዋል?

ለመሆኑ፣ ውድ አንባቢ፣ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅዎ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ላይ የቆሙትን ዛፎች በስም ሊጠራልዎ ይችላል? ሦስት ከጠራ ጎበዝ ነው። አምስት ከጠራ ምስጋና ይገባዋል። የእጅ ስልክ ዓይነት፣ የመኪና ስም ወይም የአውሮፓ ኳስ ተጫዋቾች ቢጠየቅ ግን ሳይተነፍስ ሃያና ሠላሳ ይደረድርልዎታል። ስለዚህ የማስታወስ ችግር የለበትም ማለት ነው። ዓይኑም ጤነኛ ነው። ታዲያ ዛፉን ምን ጋረደበት?

ይህን የምናነሣው ታዳጊዎችን ለመውቀስ አይደለም። «የዛሬ ልጅ» እያሉ ማማረር ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ መመርመር ነው። ጽሑፋችን ለማስረዳት የሚሞክረው አንድ ሐሳብ ነው። ይኸውም፦ ልጅ ጉዳይ ያለውን ተክል ያያል፤ ጉዳይ የሌለውን ቢረግጠውም አያየውም። ጉዳዩን የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ የሚበልጥ ሰው ነው።

ዓይን ለምን ያልፈዋል?

በአሜሪካ ሁለት የሥነ ሕይወት መምህራን፣ ጄምስ ዋንደርሲና ኤሊዛቤት ሹስለር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለዚህ ነገር ስም አወጡለት፤ «የዕፅዋት ዕውርነት» አሉት። ሰው በዙሪያው ያሉትን ዕፅዋት ልብ አለማለቱን፣ ለሕይወቱ ያላቸውን ዋጋ አለመገንዘቡን፣ ከእንስሳት ያነሱ አድርጎ መቁጠሩን ለመግለጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ካትሪን ፓርስሊ የተባሉ ተመራማሪ ዓይነ ስውራንን የሚነካ ቃል መጠቀም ተገቢ አይደለም በማለት ሌላ መጠሪያ አቅርበዋል። መጠሪያው ቢለወጥም ነገሩ ያው ነው።

ምክንያቱ ከፊሉ በተፈጥሯችን ውስጥ ያለ ይመስላል። ዓይናችን የሚንቀሳቀስን፣ ፊት ያለውን፣ አደጋ ሊያደርስ የሚችልን ነገር ቀድሞ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ሙከራ ለሰዎች ሥዕሎችን በፍጥነት እያከታተለ ቢያሳይ፣ ተመልካቾቹ ከተክል ይልቅ እንስሳውን የመለየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ተክል አይሮጥም፣ አይጮህም፣ አይናከስም። አረንጓዴው ሁሉ አንድ ላይ ተደባልቆ እንደ ግድግዳ ቀለም ከበስተጀርባ ይቀራል።

ነገር ግን ይህ ከበስተጀርባ የቀረው ነገር ትንሽ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው በምድር ላይ ያለው ሕያው ነገር ሁሉ በካርቦን መጠን ቢመዘን 80 በመቶ ያህሉ ዕፅዋት ናቸው። የሰው ልጅ በሙሉ ተደምሮ ከዚያ ሚዛን ላይ የሚታይ ነገር የለውም። አገራችን ብቻዋን 6,000 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎች እንዳሏት፣ ከነዚህም አሥር በመቶ ያህሉ በሌላ አገር እንደማይገኙ ይነገራል። ሳይንቲስቶቻችን እነዚህን ዕፅዋት መዝግቦ በመጽሐፍ ለማውጣት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ደክመዋል። ሥራው የተመሠረተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደር ላይ ሲሆን፣ ከዋነኞቹ ባለሙያዎች አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው።

እንግዲህ የተፈጥሮ ዝንባሌ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሁሉም አገር ልጅ እኩል ባላየ ነበር። ጥናቶቹ የሚሉት ግን እንዲያ አይደለም። በስሎቫኪያ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት ቤተሰቦቻቸው የጓሮ አትክልት ያላቸው ልጆች ለዕፅዋት የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ታይቷል። በኦስትሪያ የተጠየቁ ተማሪዎች ደግሞ ከጌጥ ዕፅዋት ይልቅ ለመድኃኒትነት በሚውሉትና በሚያነቃቁት ላይ ይበልጥ ፍላጎት አሳይተዋል። ስለዚህ ልጁ ከተክሉ ጋር የሚያገናኘው ነገር ሲኖር ዓይኑ ይከፈታል። ጥያቄው «የሚያገናኘው ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

የአዊ ልጅ የሚያውቀው ዛፍ

ነገሩን በቅርብ ለማየት ወደ አዊ ዞን ብንሄድ ብዙ ትምህርት እናገኛለን። አዊ የተመረጠበት ምክንያት አለ፤ ከተሜው አንባቢ ባያስተውለውም በየቀኑ ቤቱ ከሚገባው ነገር አንዱ ከዚያ የሚመጣ ነው።

አዘና በዚህ ዞን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በእርሷ ዙሪያም ሆነ በሌሎቹ የአዊ ከተሞች የሚያድግ ታዳጊ ተማሪም ነው፣ ሠራተኛም ነው። ከብት ይጠብቃል፣ ሣር ያጭዳል፣ ሰብል ያርማል። እንክርዳዱን ከስንዴው፣ አረሙን ከጤፉ ቡቃያ ለይቶ የሚነቅል እጅ አለው። ይህ ቀላል ዕውቀት እንዳይመስለን፤ የጤፍ ቡቃያና የሣር ቡቃያ ገና ሲወጡ እጅግ ይመሳሰላሉ። ልጅቱም እንደዚሁ የትኛው እንጨት እንደሚጨስ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚነድ፣ የወተት ዕቃ በምን እንደሚታጠን፣ ድስት በምን ቅጠል እንደሚፈተግ ታውቃለች። ማንም «ዕፅዋትን ውደጂ» ብሎ አላስተማራትም። ሥራው ነው ያስተማራት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በዞኑ ውስጥ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዛሬ ታዳጊው አብጠርጥሮ የሚያውቀው አንድ ዛፍ አለ። ዲከረንስ ይባላል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ገበሬው በአሲዳማነት በተጎዳው መሬቱ ላይ በብዛት መትከል የጀመረው ካለፉት ሁለትና ሦስት አሥርት ዓመታት ወዲህ ነው። አሠራሩ ብልሃት አለበት። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙና ጤፉ አብረው በአንድ ማሳ ይበቅላሉ። በሚቀጥለው ዓመት በዛፎቹ መካከል የሚወጣው ሣር ለከብት ይታጨዳል። አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነው ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ማሳ ላይ አፈር ለብሶ ይከስላል። ከዚያ መሬቱ ታርሶ እንደገና ጤፍና ችግኝ ይገባበታል። ዛፉ በሥሩ ላይ ባሉ እብጠቶች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ይስባል፤ ስለዚህ ለደከመው መሬት እፎይታ ነው። ከሳተላይት ምስል የተሠሩ ጥናቶችም በዚህ ወረዳ፣ ከብዙው የአገራችን ክፍል በተለየ፣ በዛፍ የተሸፈነው መሬት እየጨመረ መምጣቱን መዝግበዋል።

እንግዲህ በዚህ ቤት የሚያድገውን ልጅ አስቡት። አራተኛ ክፍል ሳለ አባቱ የተከለው ችግኝ ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ይቆረጣል። ዛፉና ልጁ እኩል እያደጉ ነው ማለት ይቻላል። ከሰሉ ሲሸጥ ደብተርና ጫማ ይገዛል፤ ከተማ ለሚማረውም የቤት ኪራይ ይሆናል። ይህ ልጅ ዛፉን አላየም ሊባል ነው? ከማንም በላይ አይቶታል። ውፍረቱን በዓይኑ ለክቶ ስንት ማዳበሪያ ከሰል እንደሚወጣው ሊነግር ይችላል።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ዓይኑ የተከፈተው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በገበያ በር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ በዲከረንስ ላይ ወርዶ ብዙ ማሳ አጥቅቷል። መሬቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ከለበሰ አንዱን የያዘ በሽታ ሁሉንም መያዙ የማይቀር ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ወደ ታዳጊው ይዞራል፤ ከዚህ ሌላ ምን ዛፍ ታውቃለህ? ወይራ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባ የት የት ይበቅላሉ? ዘራቸው መቼ ይለቀማል? ችግኛቸው እንዴት ይያዛል? አያቱ ቢጠየቁ ይመልሱ ይሆናል። እርሱ ግን የገበያ ዋጋ ስላልነበራቸው አልጠየቀም፤ አያቱም ሳይጠየቁ አልተናገሩም።

የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ሌላ ስሟ ኮሶበር ነው። ስሙ ራሱ ኮሶ ያስጠራል። ኮሶ አያቶቻችን የሆድ ትል የሚያስወጡበት፣ ቁመናው የሚያምር የደጋ ዛፍ ነው። አንድ ታዳጊ በየቀኑ «ኮሶበር፣ ኮሶበር» እያለ በመኪና እየተሳፈረ ኮሶን ግን በመልክ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የቦታው ስም በአፍ ይቀራል፣ ስሙን ያሸከመው ዛፍ ከዓይን ይጠፋል።

ከሰሉ የት ይደርሳል?

ይህን ያነበበ ከተሜ «የገጠሩ ልጅ ችግር ነው» ብሎ እንዳይገላገል እንለምናለን። ከአዊ የተነሣው ከሰል በጭነት መኪና ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በየሠፈሩ ጥግ በትንንሽ ላስቲክ ተሰፍሮ ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ ለቡናው ምድጃው ላይ የሚጨመረው እሱ ነው፤ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ዕጣኑ የሚጨስበትም እሱ ነው። ከሰሉን ገዝቶ እንዲመጣ የሚላከው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ ታዳጊ ነው። ያ ጥቁር ነገር ከአራት ዓመት በፊት የእርሱ እኩያ ውኃ ያጠጣው ችግኝ እንደነበረ ግን ማን ነግሮት ያውቃል? ሁለት የአንድ አገር ልጆች፣ አንዱ ዛፉን ያለ ጀበና፣ ሌላው ጀበናውን ያለ ዛፍ ያውቃሉ።

የከተማው ታዳጊ ቤት በዕፅዋት የተሞላ ነው። ቡናው ላይ የምትጣለው ጤና አዳም፣ አያት ለምች የሚያሹት ዳማከሴ፣ ለጉንፋን የሚታዘዘው ጥቁር አዝሙድ፣ ለሠርግ እጅ የሚያሞቀው ሂና፣ የጾም መፍቻው ቴምር፣ ከሶላት በፊት ጥርስ የሚጸዳበት መፋቂያ፣ በወሎ እናቶች ቅቤ ውስጥ የሚገባው አደስ፣ ሁሉም ተክል ናቸው። ልጁ ግን ከነዚህ ብዙዎቹን የሚያውቃቸው ተቆርጠው፣ ደርቀው፣ ተፈጭተው፣ ታሽገው ነው። ሲያብቡ አላያቸውም። ሂና ለእርሱ በቆርቆሮ ያለ ዱቄት ነው፤ ቁጥቋጦ መሆኑን ሲሰማ ይገረማል።

ሠፈሮቻችንም እንደ ኮሶበር ናቸው። «ሾላ፣ ሾላ» የሚለውን የታክሲ ረዳት ጥሪ በየቀኑ የምንሰማ ስንቶቻችን ነን የሾላ ዛፍ ፍሬውን ከግንዱና ከቅርንጫፉ ላይ በቀጥታ እንደሚያፈራ ያየን? ወይራ ሠፈር የሚኖረውስ ልጅ ወይራን ይለያል? ከተማዋ ራሷ «አዲስ አበባ» ተብላ በአበባ ተሰይማለች።

በከተማ ታዳጊው ከነዓይነቱ፣ ከነአገሩ፣ ከነዋጋው የሚለየው ተክል ከተፈለገ አንድ አለ፤ እሱም ጫት ነው። የአወዳዩን ከወንዶው፣ የባሕር ዳሩን ከበለጬው በቅጠሉ መልክ የሚለይ ወጣት ማግኘት አያስቸግርም። ይህ የሚያሳዝን ቢሆንም ለያዝነው ርዕስ ማስረጃ ነው። ወጣቱ ቅጠል ለይቶ ማወቅ አይችልም የሚለውን ሐሰት ያደርገዋልና። ጉዳይ ሲኖረው ረቂቅ የሆነውን ልዩነት እንኳ ይለያል። እንግዲህ እኛ ሌላ ጉዳይ ካልሰጠነው ገበያውና ሱሱ የራሳቸውን ይሰጡታል።

ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ተክል

ትምህርት ቤትስ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ብዙም ያልተነገረ አንድ ችግር አለ። የአዊ ልጅ አብዛኛውን ተክል መጀመሪያ የሚሰማው በእናቱ ቋንቋ፣ በአውኚ ነው። ገበያ ሲወጣ ያንኑ ተክል በአማርኛ ያገኘዋል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የሥነ ሕይወት መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይመጣና በሦስተኛ ስም፣ ይባስ ብሎም በላቲን ይነግረዋል። ሦስቱን ስሞች በአንድ ገመድ የሚያስርለት ሰው ከሌለ፣ በጓሮው ያለው ተክልና በፈተና ወረቀቱ ላይ ያለው ተክል ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ሆነው ይቀራሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው ዘራቸው ባለ አንድ ክክ የሆኑና ባለ ሁለት ክክ የሆኑ ዕፅዋት መኖራቸውን ይማራል። የመጀመሪያዎቹ የቅጠላቸው ሥር ጎን ለጎን የተሰመረ፣ የሁለተኞቹ ደግሞ እንደ መረብ የተያያዘ መሆኑን ይሸመድዳል። ለፈተና ጽፎ ይረሳዋል። ማሳው ላይ ግን ጤፍና ኑግ አሉ። ጤፍ ባለ አንድ ክክ ነው፣ ኑግ ባለ ሁለት ክክ። ከሁለቱም አንድ አንድ ቅጠል ነቅሎ ወደ ብርሃን ቢያነሣ ትምህርቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገባዋል፤ ከገባውም አይወጣም። መምህሩ ይህን ለማድረግ ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም፤ በር መክፈት ብቻ ይበቃዋል።

ስም ስንል ደግሞ ጌጥ ማለታችን አይደለም። ብዙ የአማርኛ የዕፅዋት ስሞች በውስጣቸው ዕውቀት ተቀምጦባቸዋል። በየመንደሩ ቆሻሻ መጣያና በመንገድ ዳር የሚበቅል፣ ነጭ የመለከት ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው አንድ ተክል አለ። አስተናግር ይባላል። ፍሬውን የበላ ሰው አእምሮው ይታወካል፣ ያልሆነውን ይቀባጥራል፣ መጠኑ ከበዛም ሊሞት ይችላል። አባቶች «አስተናግር» ያሉት እንዲሁ አይደለም፤ ስሙ ማስጠንቀቂያ ነው። ስሙን የማያውቅ ልጅ ማስጠንቀቂያውም አልደረሰውም። ዕፅዋትን አለማወቅ የባህል ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ ካሉ ይህን ያስተውሉ።

አስተውሎ ማየት ምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። ቢልሃርዝያ በውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፍ በሽታ ነው። በወንዙ ዳር ሴቶች እንደ ልማዳቸው በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ሌላው ሰው ሲያልፍ የኖረበትን ነገር እሳቸው ቆም ብለው ጠየቁ። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ተረጋገጠ። በዚህ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸላሚ ሆኑ። ልብ በሉ፤ እንዶድን ሴቶቹ ያውቁት ነበር። ሳይንሱን ሳይንቲስቱ ያውቅ ነበር። ትልቁ ነገር የተገኘው ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ወንዝ ዳር ሲገናኙ ነው። እናቱ የምታውቀውን ተክል የናቀ ተማሪ ይህን ዕድል በገዛ እጁ ይዘጋዋል።

የተቃራኒውም ምሳሌ አለን። በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ መታየቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ነው። አበባው ሐምራዊና የሚያምር ነው። እየተባዛ ሄዶ የሐይቁን ዳርቻ ሲሸፍን፣ ዓሣ አጥማጁን ሲያግድ፣ ከብቱን ከውኃው ሲለይ ግን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በእጁ እየነቀለ ሊቋቋመው አልቻለም። እንግዳ ተክል ገና በእፍኝ ሳለ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይን ዋጋው ስንት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ያን ዓይን የሚኖረው ደግሞ የነበረውን ተክል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የቤቱን ሰው የማያውቅ እንግዳውን አይለይም።

ከእምነታችንም ከታሪካችንም

ሙስሊም አንባቢ ይህን ጉዳይ እንደ ባዕድ ነገር ሊያየው አይገባም። በቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ ዐበሰ ሰው ወደሚበላው ምግብ እንዲመለከት ታዝዟል፤ ከዚያም ዝናሙ፣ የተሰነጠቀው መሬት፣ እህሉ፣ ወይኑ፣ ወይራው፣ ቴምሩ፣ ለከብት የሚሆነው ሣር ሳይቀር ተዘርዝሯል። በሱረቱ አል-አንዓምም ፍሬው ሲያፈራና ሲበስል እንድንመለከት ተነግሮናል። ትእዛዙ «ብሉ» ብቻ አለመሆኑን እናስተውል፤ «ተመልከቱ» የሚልም አለበት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ቀደምት ሊቃውንትም ይህን ተግባር አድርገውታል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪ ዐረቦች ዕፅዋትን የሚጠሩባቸውን ስሞች እየሰበሰቡ ታላቅ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። በማላጋ፣ አንደሉስ፣ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1248 በደማስቆ የሞቱት ኢብኑል በይጧር ከሰሜን አፍሪካ እስከ ሶርያ ድረስ ዕፅዋትን በዓይናቸው እያዩ ዞረው 1,400 ያህል ለመድኃኒትና ለምግብ የሚሆኑ ነገሮችን መዝግበዋል። እነዚህ ሰዎች ዕፅዋትን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማሩም። ወጥተው አዩ፣ እረኛውን ጠየቁ፣ ስሙን ጻፉ። የኛ ታዳጊ ይህን ለመሥራት የሚያንሰው ነገር የለም፤ ደብተርም እስክሪብቶም አለው፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክም በኪሱ ነው።

ምን እናድርግ?

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ችግኝ መትከል የአገር ዘመቻ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ብቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። በዚህ ሥራ የተማሪዎች እጅ ብዙ ነው፤ የሚመሰገንም ነው። ነገር ግን የተከለው ልጅ «ምን ተከልክ?» ቢባል «ችግኝ» ብሎ ከመለሰ ሥራው ግማሽ ነው። «ችግኝ» ስም አይደለም። ሰውን ሁሉ «ሰውዬ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ስሙን ያላወቁትን ተመልሶ ለመጠየቅ ልብ አይነሣሣም። ስለዚህ የሚከተሉትን ለወላጅ፣ ለመምህርና ለመስጊድ ኮሚቴ እናቀርባለን።

1ኛ) የመንገድ ትምህርት። በስዊዘርላንድ ተማሪዎች ከቤት ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ላይ ያሉትን ዕፅዋትና እንስሳት እየተመለከቱ እንዲመዘግቡ ተደርጎ ነበር። ፔትራ ሊንደማን ማቲስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳወጡት፣ ልጆቹ ብዙ ባዩና በስም በለዩ መጠን ለዱር ዕፅዋት ያላቸው ፍቅርም ጨምሯል። ቅደም ተከተሉን እናስተውል፤ መጀመሪያ ማየትና ስም፣ ከዚያ ፍቅር። እኛ ብዙ ጊዜ ፍቅሩን በስብከት ለማስቀደም እንሞክራለን። ይህ ሥራ በጀት አይጠይቅም፤ በአዘናም በመርካቶም ይቻላል።

2ኛ) የአያት ደብተር። እያንዳንዱ ታዳጊ በቤቱ ካሉት ትልቅ ሰው አሥር ዕፅዋት ይጠይቅ። ስሙን በአውኚ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስልጥኛ፣ በሐረሪኛ፣ ቤቱ በሚናገረው ሁሉ ይጻፍ። የት ይበቅላል? ለምን ይጠቅማል? ምን ጉዳት አለው? የሚሉትን ይመዝግብ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ደብተሩ ለማወቂያ እንጂ ለመታከሚያ አይደለም። ኮሶን ጨምሮ ብዙዎቹ የባህል መድኃኒቶች መጠናቸው ሲበዛ ይጎዳሉ።

3ኛ) የእኔ የሚለው ተክል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ልጅ እንኳ በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ጤና አዳም ወይም በሶብላ ማብቀል ይቻላል። ተክሉ የእርሱ ይሁን። ቢደርቅም የደረቀው የእርሱ ነው፤ ለምን እንደደረቀ መጠየቁ ራሱ ትምህርት ነው። የገጠሩ ልጅ ደግሞ ከዲከረንሱ ጎን አምስት የአገር ዛፍ ዘር ለቅሞ እንዲያፈላ ቢደረግ፣ ነገ አንዱ ዛፍ ሲታመም ሌላው ያለው ሰው ይሆናል።

4ኛ) የመስጊድ ግቢ። በየቀኑ አምስት ጊዜ ለውዱእ የሚፈሰው ውኃ በብዙ ቦታ ወደ ቱቦ ይገባል። ሳሙና ያልገባበት ስለሆነ በቀላል ቦይ ወደ ተክል ሥር ቢመራ በበጋም ቢሆን ጥቂት ዛፎችን ያኖራል። ቦዩን የመቆፈሩና የመጠበቁ ኃላፊነት ለመድረሳው ታዳጊዎች ቢሰጥ፣ በየዛፉም ላይ ስሙ ቢጻፍ፣ ሰጋጁ ሁሉ እያነበበ ይገባል፣ እያነበበ ይወጣል።

5ኛ) ከሰሉን መጠየቅ። ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ዛሬ ቡና ሲፈላ ልጃችሁን «ይህ ከሰል ከምን ዛፍ መጣ? ማን ተከለው? ስንት ዓመት ፈጀበት?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ባያውቅ እዚህ የተጻፈውን ንገሩት።

ውድ አንባቢያን፣ የታዳጊ ልጅ ዓይን ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይሞላዋል። የአዊ ገበሬ ለልጁ ዲከረንስን አሳይቶታል፤ ልጁም አይቶ ተምሮበታል። ይህ የሚያሳየው ሥራው የሚቻል መሆኑን ነው። የቀረው ከዚያ አንድ ዛፍ አልፈን ሌሎቹንም ማሳየት ነው። ስማቸውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ የሚጠይቃቸው ልጅ ግን ወደ እነርሱ መላክ አለበት። ላኩት። ቢቻል በዚህ ሳምንት ላኩት።